ፊተኛ የመሆን ዋጋ፤ የዶሮቲ ዳንድሪጅ የሕይወት ታሪክ

በትምህርት ቤታችን አንደኛ መውጣት ማለት ደስታ ማለት ነው። አንደኛ የወጣው ተማሪ በዓመቱ መጨረሻ በወላጆቹና በመምህራኑ ፊት ስሙ ይጠራል፤ ሽልማቱን ይቀበላል፤ ጭብጨባውን ሰምቶ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ነገር ግን በዓለም ላይ ሌላ ዓይነት አንደኛነት አለ። ይኸውም ከዚያ በፊት ማንም ባልሄደበት መንገድ ፊተኛ ሆኖ መሄድ ነው። እንዲህ ያለው ሰው የሚከተለው ዱካ የለውም፤ በዚያው መንገድ ሄዶ የተመለሰ አማካሪም አያገኝም። ጭብጨባውም ብዙ ጊዜ የሚሰማው እርሱ ካለፈ በኋላ ነው።

በዚህ በትምህርት ቤታችን የበዓል መጽሔት ላይ ታሪክዋን ልናቀርብላችሁ የመረጥናት አሜሪካዊት ዘፋኝና የፊልም ተጫዋች ዶሮቲ ዳንድሪጅ እንዲህ ያለ አንደኛነት የደረሰባት ሴት ናት። በዋና ተጫዋችነት ለኦስካር ሽልማት ከታጩት ጥቁር አሜሪካውያን ሁሉ የመጀመሪያዋ እርሷ ናት። ይሁን እንጂ ያ ክብር እንጀራ አልሆናትም። ይህ ለምን እንደ ሆነ ከሕይወትዋ ታሪክ መረዳት ስለሚቻል፣ ከልጅነትዋ ጀምረን እንተርካለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ልጅነትዋ

ዶሮቲ ዳንድሪጅ ኖቬምበር 9 ቀን 1922 በኦሃዮ ግዛት ክሊቭላንድ በተባለች ከተማ ተወለደች። አባትዋና እናትዋ እርሷ ከመወለድዋ ጥቂት ቀደም ብለው ተለያይተው ስለ ነበር፣ ያደገችው ከእናትዋ ከሩቢ ዳንድሪጅና ከታላቅ እኅትዋ ከቪቪያን ጋር ነው። እናትዋ በመድረክ ላይ መጫወት አብዝታ የምትወድ ሴት ነበረች። ስለዚህ ሁለቱን ልጆችዋን ገና በሕፃንነታቸው መዝፈን፣ መጨፈርና በቃል አጥንቶ በሰው ፊት መናገር አስተማረቻቸው። ሁለቱም «ድንቅ ሕፃናት» የሚል የመድረክ ስም ወጥቶላቸው፣ በደቡባዊው የአሜሪካ ክፍል ባሉት የጥቁሮች አብያተ ክርስቲያናት እየዞሩ ለአምስት ዓመት ያህል ዝግጅታቸውን አሳዩ።

በዚህ ምክንያት ዶሮቲ በትምህርት ቤት ወንበር ላይ የተቀመጠችበት ጊዜ እጅግ ጥቂት ነበር። ሌሎች ልጆች ጠዋት ደብተራቸውን ይዘው ወደ ክፍል ሲገቡ፣ እርሷ ከአንዱ ከተማ ወደ ሌላው ከተማ ትጓዝ ነበር። ጥብቅ የሆነች አንዲት የእናትዋ ወዳጅ ሙዚቃ ታስተምራቸውና ትቈጣጠራቸው ነበር፤ ጨዋታና ዕረፍት ግን እምብዛም አልነበረም። ልጅቱ ገና ከትንሽነትዋ ጀምሮ የቤተ ሰቡ የዕለት እንጀራ ከፊል ሸክም በትከሻዋ ላይ ወደቀ።

በ1929 በአሜሪካ ታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት በጀመረ ጊዜ የመድረክ ሥራ ጠፋ። በ1930 ገደማ እናትዋ ልጆችዋን ይዛ የፊልም ከተማ ወደ ሆነችው ወደ ሆሊውድ ሄደች። ሩቢ ዳንድሪጅ በዚያ በራዲዮና በፊልም ጥቂት ጥቂት ሥራ አገኘች። ነገር ግን የምታገኘው ሥራ በአብዛኛው የቤት ሠራተኛ ሆኖ መጫወት ነበር። በዚያን ዘመን በሆሊውድ ለአንዲት ጥቁር ሴት የሚሰጠው ቦታ ይኸው ነበርና። በ1940 የኦስካር ሽልማት በመቀበል የመጀመሪያዋ ጥቁር የሆነችው ሃቲ ማክዳንኤል እንኳ የተሸለመችው በረዳት ተጫዋችነት፣ ያውም የቤት አገልጋይ ሆና በመጫወትዋ ነው። ወጣቷ ዶሮቲ የእናትዋን ሥራ እያየች ስታድግ፣ እርሷ ወደፊት ከዚህ የተለየ ቦታ ማግኘት እንደምትፈልግ ልብ ትል ጀመር።

ወደ ፊልም ዓለም መግባትዋ

በ1930ዎቹ ዓመታት መካከል ሁለቱ እኅትማማች ከአንዲት ጓደኛቸው ጋር ሦስት ሆነው «የዳንድሪጅ እኅትማማች» በሚል ስም መዝፈን ጀመሩ። በኒው ዮርክ በታወቀው በኮተን ክለብም ዘፈኑ። ዶሮቲ በ1937 የማርክስ ወንድማማች በሠሩት አንድ የቀልድ ፊልም ውስጥ ለጥቂት ጊዜ ታየች። በ1941 ደግሞ የግሌን ሚለር የሙዚቃ ጓድ በሚጫወትበት «ሰን ቫሊ ሴሬኔድ» በተባለው የሙዚቃ ፊልም ውስጥ ዝነኞች ከሆኑት ከኒኮላስ ወንድማማች ጋር ስለ ባቡር የተዘፈነውን ዘፈን እየዘፈነች ጨፈረች። ይህ ክፍል እስካሁን ድረስ ተወዳጅ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ማለት ያስፈልጋል። በዚያን ጊዜ የነበሩት የፊልም ኩባንያዎች ጥቁር ዘፋኞችን በሙዚቃ ፊልም ውስጥ ሲያስገቡ፣ የሚዘፍኑበትን ክፍል ከታሪኩ ለይተው ማንሣት ልማዳቸው ነበር። ዘፋኟ ትገባለች፤ ትዘፍናለች፤ ትወጣለች፤ ከዋናዎቹ ተጫዋቾች ጋር አትነጋገርም። ይህም የሚደረግበት ምክንያት የደቡብ ሲኒማ ቤቶች ጥቁር ሰው በክብር የሚታይበትን ክፍል ማሳየት ባልፈለጉ ጊዜ፣ ታሪኩ ሳይበላሽ ቈርጠው እንዲያወጡት ነው። ስለዚህ አንዲት ጥቁር ዘፋኝ ምንም ያህል ብትታወቅ፣ ከታሪኩ ውስጥ ቦታ የላትም ማለት ነበር።

ዶሮቲ በ1942 ከኒኮላስ ወንድማማች ታናሹን ሃሮልድ ኒኮላስን አገባች። በ1943 ሴት ልጅ ወለደች። ልጅቱ ስትወለድ በአንጎልዋ ላይ ጉዳት ስለ ደረሰባት እንደ ሌሎች ሕፃናት ለመናገርና ለመማር አልቻለችም። እናትዋ ከአንዱ ሐኪም ወደ ሌላው ሐኪም ወሰደቻት፤ ፈውስ ግን አልተገኘም። ትዳሩም አልጸናም፤ በ1951 በፍቺ ተፈጸመ። ከዚያ በኋላ ልጅቱን የምትጠብቅላትን ሞግዚት ደመወዝ የምትከፍለው ዶሮቲ ብቻዋን ነበረች። ከዚህ ቀጥሎ የምንተርከውን የሥራዋን ታሪክ አንባቢያችን ይህን ሸክም እያሰበ እንዲያነብ እንለምናለን።

ዝናዋ የወጣበት ዘመን

ዶሮቲ ከሙዚቃ ደራሲው ከፊል ሙር ጋር ሆና ድምፅዋንና የመድረክ አቀራረብዋን አሻሻለች። በ1951 በሆሊውድ በሞካምቦ፣ በዚያው ዓመትም በሎንዶን በካፌ ደ ፓሪ ዘፈነች፤ በ1952 በኒው ዮርክ ናይት ክለብ ዘፍና ብዙ ሕዝብ ሰማት። ይህ ሁሉ ሲሆን ግን በብዙ የአሜሪካ ከተሞች ጥቁር ዘፋኞች በሚዘፍኑበት ሆቴል ውስጥ አልጋ መከራየት፣ በመመገቢያው አዳራሽም መቀመጥ ይከለከሉ ነበር። ማታ የሚጨበጨብላት ዘፋኝ በዋናው በር መግባት የማትችልበት ጊዜ ነበር።

በፊልም በኩልም ቢሆን የሚሰጣት ቦታ ጠባብ ነበር። በ1951 በአንድ የታርዛን ፊልም ውስጥ የአፍሪካ ንግሥት ሆና ተጫወተች፤ በፊልሙ የታየችው አፍሪካ ግን ሆሊውድ በልቡ የፈጠራት አፍሪካ ነበረች። የመጀመሪያውን ከባድ የተጫዋችነት ሥራ ያገኘችው በ1953 «ብራይት ሮድ» በተባለው ፊልም ነው። በዚህ ፊልም ውስጥ በደቡባዊው የአሜሪካ ክፍል ባለ አንድ የጥቁሮች ትምህርት ቤት አዲስ መምህርት ሆና ትታያለች፤ የትምህርት ቤቱ ዲሬክተር ሆኖ የተጫወተው ሃሪ ቤላፎንቴ ነው። ሌሎች መምህራን ሰነፍ ነው ብለው ተስፋ የቈረጡበትን አንድ ዝምተኛ ልጅ ይህች መምህርት በትዕግሥት ትከታተለዋለች። እኛ ይህን ታሪክ ስናስብ ልባችን የሚነካው በፊልሙ ብቻ አይደለም። ሌላውን ልጅ ስታስተምር የምትታየው ይህች ሴት፣ ከሥራ ወጥታ የምትሄደው ፊደል ሊገባት ወደማይችል የራስዋ ልጅ ነበርና።

በ1954 ትልቁ ዕድል መጣ። የፈረንሳዊው የሙዚቃ ደራሲ የቢዜ «ካርመን» የተባለው ኦፔራ በጥቁር አሜሪካውያን ኑሮ ተለውጦ «ካርመን ጆንስ» በሚል ስም በ1943 በኒው ዮርክ መድረክ ታይቶ ነበር። አዲሱን ግጥም የጻፈው ኦስካር ሐመርስታይን ነው። ታሪኩ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በፓራሹት ፋብሪካ ስለምትሠራ ካርመን ስለምትባል ሴትና እርሷን በመውደድ ስለ ጠፋ አንድ ወታደር ይናገራል። ዲሬክተሩ ኦቶ ፕሬሚንጀር ይህን ቴአትር ወደ ፊልም ለመለወጥ በተነሣ ጊዜ ተጫዋቾቹ በሙሉ ጥቁሮች እንዲሆኑ ወሰነ።

ፕሬሚንጀር ዶሮቲን በመጀመሪያ ባያት ጊዜ ጨዋነትዋና የተመረጠ አለባበስዋ ለካርመን አይስማማም፤ ለሌላይቱ ለጭምት ልጅ ቦታ ግን ትሆናለች ብሎ አሰበ። እርሷ ግን ይህን በሰማች ጊዜ አልተከራከረችም፤ አላለቀሰችምም። ሄዳ የካርመንን የመሰለ ቀሚስና ሸሚዝ ለበሰች፤ ጠጕርዋን ለወጠች፤ አካሄድዋንም እንደ ፋብሪካ ሠራተኛይቱ አድርጋ ተመለሰች። ዲሬክተሩም ባያት ጊዜ አሳቡን ለወጠ። ካርመን እርሷ ሆነች።

ፊልሙ በኦክቶበር 1954 መታየት ሲጀምር ዝናዋ በአንድ ጊዜ ወጣ። ኖቬምበር 1 ቀን 1954 የወጣው «ላይፍ» የተባለው ታላቅ መጽሔት ምስልዋን በሽፋኑ ላይ አተመ፤ ከጥቁር ሴቶች በዚያ ሽፋን ላይ ስትወጣ የመጀመሪያዋ ናት። በ1955 መጀመሪያ ላይ በዋና ተጫዋችነት ለኦስካር ታጨች። አብረዋት የታጩት ግሬስ ኬሊ፣ ጁዲ ጋርላንድ፣ ኦድሪ ሄፕበርንና ጄን ዋይማን ነበሩ። ሽልማቱ በተሰጠበት በማርች 30 ቀን 1955 ሌሊት ዶሮቲ በመድረክ ላይ ወጥታ የፊልም ቅንብር ሽልማትን ለሌላ ሰው ሰጠች። የዋና ተጫዋችነቱ ሽልማት ግን ለግሬስ ኬሊ ሆነ። በዚያው ዓመት በኒው ዮርክ ዋልዶርፍ አስቶሪያ ሆቴል ኢምፓየር ሩም በተባለው አዳራሽ ዘፈነች፤ በዚያ አዳራሽ ከጥቁሮች የቀደማት አልነበረም። በፈረንሳይ አገር በካን የፊልም በዓል ላይም ተገኘች።

በዚህ ሁሉ ክብር ውስጥ ግን አንድ የሚያሳዝን ነገር ነበር። ዶሮቲ ከሕፃንነትዋ ጀምሮ በዘፈን የኖረች ሴት ናት፤ በ«ካርመን ጆንስ» ውስጥ የሚሰማው የዘፈን ድምፅ ግን የእርሷ አይደለም። ዜማው የኦፔራ ድምፅ ይፈልጋል ተብሎ፣ የ20 ዓመት ወጣት የነበረችውና በኋላ በኦፔራ እጅግ የታወቀችው ማሪሊን ሆርን ዘፍናላታለች። የቤላፎንቴም ድምፅ እንደዚሁ በሌላ ሰው ድምፅ ተተክቶ ነበር። በዚህም መሠረት ዶሮቲ ከፍ ባለችበት ፊልም ውስጥ ዓለም ፊትዋን ሲያይ፣ ዘፈንዋን አልሰማም።

በሩ የተዘጋበት ምክንያት

ከኦስካር እጩነት በኋላ ሁሉም ሰው ሥራ ይጎርፍላታል ብሎ ጠብቆ ነበር። ከፎክስ የፊልም ኩባንያ ጋር የሦስት ፊልም ውል ተዋዋለች። ነገር ግን ኩባንያው የሚሰጣትን ሥራ አጣ። በ1956 ለወጣው «ኪንግ ኤንድ አይ» ለተባለው የሙዚቃ ፊልም የባሪያይቱን የታፕቲምን ቦታ አቀረበላት። እርሷ በዋና ተጫዋችነት የታጨች ሴት ሆና ወደ ሁለተኛ ደረጃና ወደ ባሪያ ቦታ መመለስ አልወደደችምና እምቢ አለች። ቦታው ለሪታ ሞሬኖ ተሰጠ። ከ«ካርመን ጆንስ» በኋላ ዶሮቲ በሌላ ፊልም ሳትታይ እስከ 1957 ቈየች።

ይህ የሆነበትን ምክንያት ማስረዳት ይገባናል። በዚያን ዘመን ለአንዲት ቆንጆ ሴት ተጫዋች የሚጻፍላት ታሪክ ከሞላ ጎደል የፍቅር ታሪክ ነበር። ዋናዎቹ ወንዶች ተጫዋቾች ግን ነጮች ነበሩ። ነጭና ጥቁር በፊልም ውስጥ ሲፋቀሩ እንዳይታዩ የሚከለክለው የሆሊውድ ደንብ ደግሞ እስከ 1956 መጨረሻ ጸንቶ ነበር። ደንቡ ከተነሣ በኋላም የደቡብ ሲኒማ ቤት ባለቤቶች እንዳይቈጡ ኩባንያዎቹ ይፈሩ ነበር። በ1957 «አይላንድ ኢን ዘ ሰን» በተባለው ፊልም ዶሮቲ የአንድ ነጭ ሰው ወዳጅ ሆና ስትጫወት እንኳ ፍቅራቸው በግልጽ እንዳይታይ ብዙ ጥንቃቄ ተደርጓል። ስለዚህ ለባሪያነት ከፍ ያለች፣ ለእመቤትነት ግን ያልተፈቀደላት ሆና በመካከል ቀረች። ሆሊውድ ማዕርግ ሰጣት፤ ማዕርጉን የምትሠራበት ወንበር ግን አልሰጣትም።

በዚያው በ1957 የታወቁ ሰዎችን ስም በማጥፋት የሚነግድ አንድ መጽሔት ስለ እርሷ ነውር ያለበት ወሬ ስለ ጻፈ በፍርድ ቤት ከሰሰችው። በሎስ አንጀለስ በዚህ መጽሔት ላይ በተከፈተው ክስም ቀርባ መሰከረች። ከታወቁት ሰዎች ብዙዎቹ ዝም ማለትን በመረጡበት ሰዓት ይህን ማድረግዋ ድፍረትዋን ያሳያል።

በ1958 በባሪያ ንግድ መርከብ ላይ ስለ ተነሣ ዐመፅ በሚናገረው «ታማንጎ» በተባለው የፈረንሳይ ፊልም ተጫወተች። በ1959 ደግሞ ከሲድኒ ፖይቲየር ጋር በ«ፖርጊ ኤንድ ቤስ» የሙዚቃ ፊልም ቤስን ሆና ታየች፤ ለጎልደን ግሎብ ሽልማትም ታጨች። በዚህም ፊልም የዘፈነችላት ሌላ ሴት ናት። ከዚህ በኋላ ትልቅ የፊልም ሥራ አላገኘችም።

የመጨረሻዎቹ ዓመታት

በ1959 ለሁለተኛ ጊዜ አገባች፤ ይህም ትዳር በ1962 ፈረሰ። በነዳጅ ዘይት ጉድጓዶች ላይ ያዋለችው ገንዘብ ጠፋ፤ ዕዳውም በዛ። በ1963 መክሰርዋን በፍርድ ቤት አስታወቀች፤ ቤትዋንም አጣች። ለልጅዋ ጠባቂ የምትከፍለው ገንዘብ ባለቀ ጊዜ፣ ያን ያህል ዓመት በራስዋ ላብ ስታሳድጋት የኖረችውን ልጅ በመንግሥት ሆስፒታል ለማስገባት ተገደደች። በሕይወትዋ ከደረሰባት ሁሉ ከዚህ የሚከብድ ያለ አይመስለንም።

ይሁን እንጂ ሥራዋን አልተወችም። እንደ ገና በናይት ክለብ መዝፈን ጀምራ፣ በ1965 በኒው ዮርክ ለሚጠብቃት ዝግጅት እየተሰናዳች ነበር። ሴፕቴምበር 8 ቀን 1965 በዌስት ሆሊውድ በምትኖርበት ቤት ሞታ ተገኘች። ዕድሜዋ 42 ዓመት ነበር። በባንክ የተገኘው ገንዘብዋ ከሁለት ዶላር እምብዛም የማይበልጥ ነበር።

ከሞትዋ በኋላ

የሕይወት ታሪክዋ ከሞተች በኋላ በ1970 ታተመ። በ1983 በሆሊውድ የእግር መንገድ ላይ ስምዋ ያለበት ኮከብ ተተከለላት። በ1992 «ካርመን ጆንስ» የአሜሪካ መንግሥት ለትውልድ እንዲጠበቁ ከሚመርጣቸው ፊልሞች መዝገብ ውስጥ ገባ። በ1999 እንደ እርሷ በክሊቭላንድ የተወለደችው ሃሊ ቤሪ የዶሮቲን ሕይወት በሚናገር የቴሌቪዥን ፊልም ላይ ዶሮቲን ሆና ተጫወተች። ይህችው ሃሊ ቤሪ በማርች 2002 በዋና ተጫዋችነት ኦስካር በመቀበል ከጥቁር ሴቶች የመጀመሪያዋ ስትሆን፣ በመድረኩ ላይ ቆማ ከቀደሙአት መካከል የዶሮቲ ዳንድሪጅን ስም ጠራች። ዶሮቲ በታጨችበትና ይህች በተሸለመችበት ሌሊት መካከል 47 ዓመታት አልፈዋል። ሁለተኛዎቹ ጥቁር ሴቶች ለዚያው ሽልማት እስኪታጩ ድረስ እንኳ 18 ዓመት ወስዷል።

እንግዲህ ከዚህ ታሪክ እኛ ምን እንማራለን? አንዳንድ ሰው ችሎታ ያለው ሁልጊዜ ያሸንፋል ብሎ ያስተምራል። የዶሮቲ ዳንድሪጅ ሕይወት ግን ይህ ብቻውን እውነት እንዳልሆነ ያሳየናል። ችሎታ ነበራት፤ ትጋትም ነበራት፤ ክብርዋን የሚያዋርድ ሥራ ሲመጣ እምቢ የማለት ልብም ነበራት። ያጣችው አብሮአት የሚቆም ሰው ነው። አባቶቻችን ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይላሉ፤ እርሷ አንድ ክር ብቻ ነበረች።

ይህ በሩቅ አገር የሆነ ነገር ነው ብለን ብቻ ልናልፈው አይገባም። በመካከላችን ከመንደሩ ለመጀመሪያ ጊዜ እዚህ ደረጃ የደረሰ ተማሪ አለ። ከቤተ ሰብዋ ሴቶች መካከል ለመጀመሪያ ጊዜ ደብተር የያዘች እኅታችንም አለች። ለእነዚህ ጓደኞቻችን ማመስገን ብቻ አይበቃም፤ ያልገባቸውን በማስረዳት፣ ሲደክሙ በማበርታት፣ ሲቀለድባቸውም ዝም ባለማለት ከጎናቸው ልንቆም ይገባል። ወላጆችና መምህራንም ልጁን ፊተኛ ሁን ብለው ሲልኩት፣ ከደረሰበት በኋላ የሚቀመጥበት ወንበር መኖሩን አብረው ቢያስቡለት መልካም ነው።

ይህ መጽሔት የትምህርት ቤታችንን የምሥረታ በዓል ለማክበር የተዘጋጀ እንደ መሆኑ፣ ከእኛ በፊት በነዚህ ክፍሎች የተቀመጡትን እናመሰግናለን። እነርሱ በሩን ስለ ከፈቱልን እኛ ገብተናል። ከእኛ በኋላ የሚመጡት ደግሞ ገብተው የሚቀመጡበትን ቦታ ሰፋ አድርጎ ማቈየት የእኛ ፋንታ ነው።